የመሥሪያ ቤት የጋራ ድረ ገጽ፦ በሀዋሳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ሀዋሳ ውስጥ ካሉ ትንንሽና መካከለኛ መሥሪያ ቤቶች የሚነሱ ናቸው፤ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች፣ ከግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ ከግል ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች፣ ቡና አዘጋጅተው ከሚልኩ ድርጅቶች። ጠያቂዎቹ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያ የላቸውም፤ ለመቅጠርም በጀት አልያዙም። ስለዚህ መልሶቹ የተጻፉት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤ መጻፍ ለሚችል ማንኛውም ሠራተኛ ነው። የመሣሪያዎቹ ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር ተቀምጧል።

የጋራ ገጽ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለደንበኛ ማስታወቂያ የሚሠራውን ድረ ገጽ ማለታችን አይደለም። የምንናገረው ሠራተኞቹ ራሳቸው ስለሚገለገሉበት ገጽ ነው። የዕረፍት ፈቃድ ቅጹ የት አለ? የአበል ተመኑ ስንት ነው? ባለፈው ስብሰባ ምን ተወሰነ? አዳራሹ ለቅዳሜ ተይዟል ወይስ አልተያዘም? እንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱን የሚያገኝበት ቦታ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ የመጀመሪያውን ዊኪ የከፈተው በ1995 ነው፤ አንባቢው ራሱ ስህተት ሲያይ ወዲያው የሚያርመው ገጽ ነበር። በ2001 የተጀመረው ዊኪፔዲያ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ጆትስፖት የተባለ ድርጅት ሐሳቡን ወደ መሥሪያ ቤቶች አመጣው፤ ጉግል በ2006 ድርጅቱን ገዝቶ በ2008 ጉግል ሳይትስ ብሎ አወጣው፤ ፕሮግራም ሳይጽፉ ድረ ገጽ የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት መልኩ በ2016 እንደገና የተሠራው ነው።

ሁሉንም ነገር በቴሌግራም ግሩፕ እንለዋወጣለን። ገጽ ለምን ያስፈልገናል?

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ቴሌግራም ለዕለቱ ጉዳይ እጅግ ይመቻል። «ዛሬ ውሃ የለም»፣ «ስብሰባው ወደ ከሰዓት በኋላ ተላልፏል» ለማለት ከእርሱ የሚፈጥን የለም። ችግሩ የሚጀምረው ዓመቱን ሙሉ የሚያስፈልገውን ነገር ለዕለቱ ብቻ በሚያገለግል ቦታ ስናስቀምጥ ነው። ሰኞ የተላከው የአበል መጠየቂያ ቅጽ ሐሙስ ሲደርስ በበዓል መልካም ምኞትና በምርቃት ፎቶግራፍ ስር ተቀብሯል። የፈለገው ሠራተኛ ወደ ኋላ እየሄደ ሲያስስ ሦስት ፋይል ያገኛል፦ «የአበል ቅጽ»፣ «የአበል ቅጽ የተስተካከለ»፣ «የአበል ቅጽ የመጨረሻ»። ከሦስቱ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የላከው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም መስክ ወጥቷል።

ፍላሽም ከዚህ አይሻልም። አንድ ቅጽ በአምስት ሰው ፍላሽ ላይ ካለ አምስት ቅጽ አለ ማለት ነው፤ ቫይረሱም አብሮ ይዞራል።

የጋራ ገጽ ሥራው አንድ ነው፦ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ በአንድ ቦታ እንዲኖር ማድረግ። የመጨረሻው ቅጂ የት እንዳለ ማንንም ሳይጠይቁ ማወቅ መቻል፣ ይኸው ነው። ይህን የማያደርግ ገጽ ምንም ያህል ቢያምር ለሠራተኛው አይጠቅመውም።

ግሩፑን ግን አትዝጉት። ሁለቱ የሚረዳዱበት አንድ ልማድ አለ፤ አጥብቄ የምመክረውም እርሱን ነው። ግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው ፋይል ሲጠይቅ ፋይሉን አትላኩለት፤ ፋይሉ ያለበትን ገጽ ሊንክ ላኩለት። መልሱ ገጹ ላይ ከሌለ መጀመሪያ ገጹ ላይ ጻፉትና ከዚያ ሊንኩን ላኩ። አንድ ሰሞን እንዲህ ከተደረገ ሰዎች መጠየቁን ትተው በቀጥታ ገጹን መክፈት ይጀምራሉ። ፋይሉን መላክ በቀጠላችሁ ቁጥር ግን ገጹ ባዶ ቤት ሆኖ ይቀራል።

የትኛውን መሣሪያ እንምረጥ?

ለአብዛኛው ጠያቂ መልሴ ጉግል ሳይትስ ነው። የመረጥኩት ከሁሉ ስለሚበልጥ አይደለም፤ ሠራተኞቻችሁ አስቀድመው የጂሜይል አድራሻ ስላላቸው ነው። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ባብዛኛው አለው፤ ሌላ የይለፍ ቃል እንዲያስታውስ መለመን አያስፈልግም። በተጨማሪም የጉግል ዶክስ ጽሑፍ ወይም የሺትስ ሠንጠረዥ ገጹ ላይ ሲቀመጥ፣ ሰነዱ በተስተካከለ ቁጥር ገጹ ላይ የሚታየውም አብሮ ይስተካከላል። ይህ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ትልቅ ነገር ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ ለማይክሮሶፍት 365 የሚከፍል ከሆነ፣ ሼርፖይንት የተባለው የማይክሮሶፍት የጋራ ገጽ መሥሪያ በጥቅሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሌላ ከመጀመራችሁ በፊት እርሱን አጣሩ። ኖሽን ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለመጻፍ ይመቻል፤ ነገር ግን ለሁሉም ሠራተኛ አዲስ መለያ መክፈትን ይጠይቃል። ዊክስና ወርድፕሬስ በዋናነት የተሠሩት የውጭ ሰው ለሚያየው ገጽ ስለሆነ ለደንበኞቻችሁ ድረ ገጽ ስታስቡ ተመለሱባቸው።

ብዙ የማይወራለት ሌላ አማራጭም አለ፤ ዶኩዊኪ ይባላል። ከ2004 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ዳታቤዝ አይፈልግም፤ ገጾቹን እንደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል። ቢሮው ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ በውስጥ ኔትወርክ ብቻ ስለሚሠራ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ገጹ አይጠፋም። ለመጫን ትንሽ የቴክኒክ እውቀት ይጠይቃል፤ ለመጠቀም ግን አይጠይቅም። ኃላፊነቱም የናንተው ነው፦ መጠባበቂያ ቅጂ የማይወሰድ ከሆነ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ቀን ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል።

ስንት ያስወጣል?

ጉግል ሳይትስ በግል መለያ ያለ ክፍያ ይሠራል። አንድ መለያ ለጂሜይል፣ ለድራይቭ (ለጉግል የፋይል ማስቀመጫ) እና ለፎቶግራፍ በጋራ 15 ጊጋባይት ቦታ ይሰጠዋል፤ ለቅጾችና ለቃለ ጉባኤዎች ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ቦታውን የሚጨርሱት ቪዲዮና ያልተቀነሰ ፎቶግራፍ ናቸው። ገጹን ለማንበብ ስልክ ይበቃል፤ ለመሥራትና ለማስተካከል ግን ኮምፒውተር ያዙ። የራሳችሁ የድረ ገጽ ስም ለውስጥ ገጽ አያስፈልጋችሁም። አድራሻው ረጅም ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሊንኩን በቴሌግራሙ ግሩፕ አናት ላይ ስኩት፤ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ማሰሻም ሲከፈት ገጹን እንዲያመጣ አድርጉት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን እናስቀምጥ?

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ረቂቅ የሥራ አስኪያጁን ፎቶግራፍ፣ ራእይና ተልእኮን እና የሕንፃውን ምስል የያዘ ነው። ይህን ሠራተኛው ያውቀዋል፤ ሊያየው ብሎ ገጽ አይከፍትም።

ወደ ጸሐፊዋ ወይም ወደ መዝገብ ቤት ኃላፊው ሂዱና ሰዎች ቀኑን ሙሉ ምን ምን እንደሚጠይቋቸው ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ነገር የመጀመሪያው ገጻችሁ ነው። አንድ የሐይቅ ዳር ሆቴልን እናስብ። ሀዋሳ የስልጠናና የስብሰባ ከተማ ስለሆነች እንግዳ መቀበያው ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው ስለ አዳራሽ ነው። ትልቁ አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል? ፕሮጀክተር አለው? የሻይ ቡና ዋጋ በሰው ስንት ነው? ፕሮፎርማ ማን ያዘጋጃል? የሚቀጥለው ሳምንት ተይዟል? ለዚህ ሁሉ አንድ ገጽና አንድ የማስያዣ ሠንጠረዥ ይበቃል። ሠንጠረዡን የሚሞላው እንግዳ መቀበያ ነው፤ ወጥ ቤቱና የመስተንግዶ ኃላፊው ያነቡታል። ወጥ ቤቱ ነገ ለስንት ሰው ምሳ እንደሚያዘጋጅ ለማወቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ሰው መላክ ያቆማል።

በአምስት ወይም በስድስት ጥያቄ ጀምሩ። ሌላው ሲጠየቅ ይጨመራል። ሁሉንም ሰነድ አሰባስበን፣ አደራጅተን፣ ከዚያ እንከፍታለን የሚል መሥሪያ ቤት ሳይከፍት ይቀራል።

ማን ያስተካክል? ሁሉም ሰው እንዲጽፍ ብንፈቅድ አይበላሽም?

ጉግል ሳይትስ ላይ ረቂቁና የታተመው ገጽ የተለያዩ ናቸው። የምታስተካክሉት ረቂቁን ነው፤ እንዲታተም እስክታዙ ድረስ አንባቢው የሚያየው የቀድሞውን ነው። የማስተካከል ፈቃድና የማየት ፈቃድም ለየብቻ ይሰጣሉ። ከዚህ በላይ የለውጥ ታሪክ ስለሚያዝ በስህተት የጠፋን ነገር ወደ ቀድሞው መልኩ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ የመበላሸት ፍርሃት ሥራውን እንዲያዘገየው አትፍቀዱ።

ይሁንና ለሁሉም የማስተካከል ፈቃድ መስጠት እኔ የማልመክረው ነገር ነው። ሁሉም የሚጠብቀው ገጽ ጠባቂ የለውም። ከየክፍሉ አንድ ሰው የክፍሉን ገጽ ይያዝ፤ ለጠቅላላው ገጽ ደግሞ አንድ ኃላፊና አንድ ምክትል ይሰየሙ፤ ይህም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን። የሥራ መዘርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሥራ፣ ሰውየው ሥራ በበዛበት ሳምንት በቅድሚያ የሚተወው እርሱን ነው።

ሁለት ወጥመዶችን ልብ በሉ። የመጀመሪያው፣ የታተመው ገጽ ለሁሉም ክፍት ከተደረገ አድራሻውን ያገኘ ማንኛውም ሰው ያነበዋል። የፍለጋ ሞተሮች እንዳያወጡት የሚጠይቅ ምርጫ አለ፤ እርሱ ግን መጋረጃ እንጂ ቁልፍ አይደለም። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው፦ ገጹ ላይ የተቀመጠ የድራይቭ ሰነድ የራሱ ፈቃድ አለው። ገጹን ለሠራተኛው ከፍታችሁ ሰነዱን ካልከፈታችሁለት ባዶ ቦታ ወይም የፈቃድ ጥያቄ ያያል። ከማሳወቃችሁ በፊት በሌላ ሠራተኛ ስልክ ከፍታችሁ እዩት። በራሳችሁ መለያ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ይከፈታል።

በአማርኛ የጻፍነው ፊደል ይበላሻል፤ ፍለጋውም አያገኝም። ለምን?

ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ፊደሉ የሚበላሸው ባብዛኛው ከድሮ ሰነድ ስትገለብጡ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ነው ብሎ በሚያስበው ምልክት ላይ የግእዝን ቅርጽ በሚያለብሱ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ያ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ላይ ደህና ይነበባል፤ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ይሆናል። ፎንት መቀየር አያድነውም። ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ፕሮግራም መጠቀም ወይም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል። መመሪያው አጭር ከሆነ እንደገና መጻፍ ይሻላል፤ እግረ መንገዳችሁን ጊዜ ያለፈበትን አንቀጽ ታወጣላችሁ። አዲሱን ጽሑፍ በዩኒኮድ የቁልፍ ሰሌዳ ጻፉ፤ ኖቶ የተባለው የጉግል ፎንት የግእዝ ፊደልን በነፃ ያቀርባል።

ፍለጋው የማያገኘው ግን በእኛው አጻጻፍ ምክንያት ነው። የከተማችንን ስም ብቻ ብንወስድ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እየተባለ ይጻፋል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሠራተኛና ሰራተኛ፣ ዓመትና አመት፣ ፀሐፊና ጸሐፊም እንዲሁ። አንዱ ክፍል «የሠራተኞች ዝርዝር» ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው «የሰራተኞች ዝርዝር» ብሎ ሲፈልግ ያጣዋል፤ የለም ብሎም አዲስ ያዘጋጃል። መድኃኒቱ የገጽ ርእሶችና የፋይል ስሞች በአንድ አጻጻፍ እንዲሆኑ መስማማት ነው። የቃላቱን ዝርዝር ራሱን አንድ ገጽ አድርጉት። ለሚጠረጠሩት ቃላት ሁለተኛውን አጻጻፍም በገጹ ግርጌ ጨምሩ፤ ፍለጋው በሁለቱም ያገኘዋል። ይህን ሥራ የቋንቋ ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ኃላፊ አጋጥሞኛል። አይደለም፤ አንድ ሰነድ ተገኘ ወይም ጠፋ የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በሲዳሙ አፎም መጻፍ አለብን። እንዴት እናድርገው?

ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የፎንት ችግር የለበትም። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱን ቋንቋ አንቀጽ በአንቀጽ አታፈራርቁ፤ ለማንበብም ለማደስም ያስቸግራል። ለየቋንቋው የተለየ ገጽ ይኑር፤ በየገጹ አናት ወደ ሌላው የሚወስድ ሊንክ ይቀመጥ። ሲዳሙ አፎውን የሚጠብቅ ሰውም በስም ይመደብ፤ ካለዚያ አማርኛው እየታደሰ ያኛው የዓምናውን ይዞ ይቀራል፤ ይህም ለአንባቢው ንቀት ነው።

ቀንና ሰዓት እየተምታታብን ነው። ምን እናድርግ?

ይህ ከሚመስለው በላይ ጉዳት ያደርሳል። ሺትስ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። 2017-01-15 ብላችሁ መስከረም 15ን ስትጽፉ እርሱ ጃንዋሪ 15 ብሎ ይይዘዋል። እስከዚህ ጉዳቱ አይታይም። ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ብላችሁ ስትጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አይቀበላትም። ውጤቱ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ የሆነ ዓምድ ነው፤ በቅደም ተከተል አስተካክል ስትሉት ይዘበራረቃል። መፍትሔው ምንም ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን በሙሉ ወደ ተራ ጽሑፍ መቀየርና ዓመትን አስቀድሞ፣ ወርና ቀንን በሁለት በሁለት አሃዝ መጻፍ ነው። እንዲህ ከተጻፈ በትክክል ይደረደራል። የውጭ አጋር ለሚያየው ሠንጠረዥ የፈረንጁን ቀን በሌላ ዓምድ ጨምሩ።

ለሰዓት ደግሞ፣ የጋራው የቀን መቁጠሪያ ላይ ስብሰባውን ስትመዘግቡ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አስገቡና በርእሱ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉ። ካልተጻፈ አንዱ ሠራተኛ 9:00 የሚለውን አይቶ ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

መስክ ላይ ያሉ ሠራተኞች እንዴት ይጠቀማሉ?

የቡና ድርጅቶች ይህን የሚጠይቁት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የእሸት ቡና ወቅት ነው፤ የሚሻለው ግን ክረምት ላይ ማዘጋጀት ነው። አለታ ወንዶ ወይም ቤንሳ ያለው የማጠቢያ ጣቢያ ተቆጣጣሪ በየማታው ስልክ እየደወለ ዛሬ ስንት ኪሎ እሸት እንደገባ፣ በምን ዋጋ እንደተገዛ፣ ስንት የማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና እንደተዘረጋ ይናገራል፤ ሀዋሳ ያለው ሰው ወረቀት ላይ ይጽፋል፤ ነገ ወደ ኤክሴል ይገለበጣል። በሦስት እጅ ያለፈ ቁጥር ደግሞ መሳሳቱ አይቀርም።

በጉግል ፎርምስ አጭር ቅጽ አዘጋጁ፤ ከስድስት ጥያቄ አይብለጥ፤ የጣቢያው ስም የሚጻፍ ሳይሆን ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን። ተቆጣጣሪው በስልኩ ይሞላዋል፤ መልሱ በቀጥታ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል፤ ሠንጠረዡ ገጹ ላይ ይታያል። የተሞላበት ሰዓት በራሱ ስለሚመዘገብ የሠንጠረዡ የሰዓት ክልል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መስተካከሉን አረጋግጡ። ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ለሚሠሩ ኮቦቱልቦክስ ይሻላል፤ መልሱን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ውስጥ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ያውቀዋል፤ ካላችሁ እርሱን አሰልጣኝ አድርጉት።

ለተቆጣጣሪውም የሚመለስለት ነገር ይኑር። የሞላው ቁጥር ተደምሮ የሳምንቱን ግዢ የሚያሳይ ገጽ እርሱም በስልኩ ማየት ከቻለ ቅጹን በትጋት ይሞላል። ቁጥሩ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን ሥራው ዕዳ ይሆንበታል፤ እውነቱም ከእርሱ ጋር ነው።

መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ገጹን ቀላል አድርጉት። ከስልክ በቀጥታ የተጫነ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ካርድ ዳታ የሚገዛ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ገጽ ሁለተኛ አይከፍተውም። ዶክስና ሺትስ በክሮም ማሰሻ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሳይትስ ግን ይህ የለውም። የግድ የሚያስፈልጉትን፣ የአደጋ ጊዜ ስልኮችንና የተረኛ ዝርዝርን፣ አትማችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ወረቀቱ ላይ የታተመበት ቀን ይኑር።

የሠራተኞችን የግል መረጃ ማስቀመጥ እንችላለን?

ስምና የሥራ ስልክ፣ አዎን። ደመወዝ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የዲሲፕሊን ደብዳቤ በጋራ ገጽ ላይ ቦታ የላቸውም። ክሊኒኮች በተለይ፦ የታካሚ ስም በምንም መልኩ አይግባ፤ «ለሠራተኛ ብቻ» በተባለው ገጽም ቢሆን።

ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። አዋጁ የሰውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት በምን አግባብ መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል፤ መረጃ ከሀገር ውጭ ስለሚተላለፍበት ሁኔታም ድንጋጌ አለው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጉግል ላይ የተቀመጠ ሰነድ ከሀገር ውጭ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚቀመጥ አስቡና ምስጢራዊ ነገር ከመጫናችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። የገጹ ኃላፊዎች መለያም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ) ይኑረው፤ ይህን ሳታደርጉ ገጹን አትክፈቱ።

ገጹን የሠራው ሠራተኛ ሥራ ቢለቅስ?

ቢለቅ ሳይሆን ሲለቅ ብላችሁ አስቡ። ብዙ ገጽ የሚሞተው በዚህ ነው። አንድ ቀልጣፋ ወጣት በራሱ ጂሜይል ገጹን ይሠራል፤ ሁሉም ይወደዋል፤ ከዚያ አዲስ አበባ የተሻለ ሥራ ያገኛል። ገጹም፣ ቅጾቹም፣ የሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤውም በሕግ ሳይሆን በመለያው የእርሱ ናቸው። ስልክ ቁጥሩን ከቀየረ ደግሞ ሊያገኙት ይቸግራል። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተነካ የግል መለያን ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል ፖሊሲው ይናገራል፤ ይህ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ ገጹ ከመጀመሪያው ቀን በመሥሪያ ቤቱ ስም በተከፈተ መለያ ይሠራ። የመለያው ማስመለሻ ስልክ የቢሮው ይሁን። የይለፍ ቃሉ ታሽጎ በካዝና ውስጥ ይቀመጥ። በግል መለያ የተሠራ ካለ ዛሬውኑ ባለቤትነቱን አዛውሩ፤ ይህ በድራይቭ በኩል ይደረጋል፤ ተቀባዩም መቀበሉን ማረጋገጥ አለበት። በመጨረሻም ሠራተኛ ሲለቅ የሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ንብረት ክፍል ስለ ወንበርና ስለ ላፕቶፕ ፊርማ ይጠይቃል፤ ስለ ገጽና ስለ ሰነድ ግን የሚጠይቅ የለም። ከወንበሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰነዱን መተካት ነው።

መሣሪያውን ራሱ ኩባንያው ቢዘጋውስ?

ይደርሳል። የቀድሞው ጉግል ሳይትስ ተዘግቶ ተጠቃሚዎቹ ወደ አዲሱ እንዲሸጋገሩ ተደርጓል፤ በጉግል የንግድ መገለጫ በኩል የተሠሩ ትንንሽ ድረ ገጾችም በማርች 2024 ተዘግተዋል። ዋናው ጽሑፍ በዶክስና በሺትስ ውስጥ ይኑር፤ ገጹ ማሳያው ብቻ ይሁን። ቴክአውት በተባለው የጉግል አገልግሎት የሁሉንም ቅጂ አውርዳችሁ በቢሮው ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።

ኃላፊያችን ገጹን አይከፍቱም። ሠራተኛው እንዴት ይከፍታል?

እውነት ነው፤ አለቃ የማይከፍተውን ሠራተኛ አይከፍተውም። አለቃን በስልጠና ከማሳመን ግን የሚያዩትን ነገር እዚያ ማስቀመጥ ይቀላል። የሳምንቱ ስብሰባ አጀንዳ ገጹ ላይ ብቻ ይውጣ፤ ስብሰባው ላይ ገጹ በፕሮጀክተር ይከፈትና ውሳኔው እዚያው፣ ሁሉም እያየ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤውን ኋላ ማርቀቅ፣ ማዞር፣ ማስፈረም የሚባለው ድካም ይቀንሳል፤ «እንዲህ አልተባለም» የሚለው ክርክርም እዚያው ይፈታል። ፊርማ የሚያስፈልገው ቃለ ጉባኤ ታትሞ ይፈረም፤ የጋራው ገጽ መዝገብ ቤትን አይተካም።

በየስንት ጊዜ እንከልሰው?

በየገጹ ግርጌ የተከለሰበት ቀንና የጠባቂው የሥራ መደብ ይጻፍ፤ ሰው ይቀያየራልና የሰው ስም አትጻፉ። ዋጋና የተረኛ ዝርዝር በተለወጠ ቀን ይታደሳል። ሌላው በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃዋል፤ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ፣ ክፍሎቹ የየራሳቸውን ገጽ ያንብቡ። ጊዜው ያለፈበትን ተመንና መመሪያ ግን አትሰርዙ፤ «ያለፉ ዓመታት» ወደሚል ገጽ አዛውሩት፤ በየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ይሠራ እንደነበርም ጻፉበት። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ይሠራ የነበረውን ተመን ነው።